ደጋፊ ተዋናይና የንዑስ ገጸ ባሕርይ ክብደት፤ ኤ. ኬ. ሃንጋል በህንድ ሲኒማ

1. መነሻ

ስለ ገጸ ባሕርያት በምንሰጠው ትምህርት አስቀድሞ የሚነገረው ክፍፍል «ዐቢይ» እና «ንዑስ» የሚለው ነው። ተማሪዎቻችን አንድን ልቦለድ ወይም ተውኔት እንዲተነትኑ ሲጠየቁ ዐቢዩን ገጸ ባሕርይ በአራትና በአምስት ገጽ ይዘረዝሩና ለንዑሳኑ አንዲት አንቀጽ ይተዉላቸዋል። በዚያች አንቀጽም ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው ፍርድ «ታሪኩን ለማዳመቅ የገቡ ናቸው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሒሳዊ ፍርድ ይመስላል እንጂ ምንም አይፈርድም። አንድ ገጸ ባሕርይ ለምን እንደገባ፣ ባይገባ ምን እንደሚጎድል፣ የተሰጠውንም ሥራ በሚገባ መወጣቱን አለመወጣቱን አይነግረንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከመጻሕፍት ገጽ ወደ ትወና አውጥቶ መመርመር ነው። ምክንያቱም በወረቀት ላይ የተጻፈ ንዑስ ገጸ ባሕርይ በአንባቢው ቸልታ ሊታለፍ ይችላል፤ በመድረክ ወይም በፊልም ላይ ግን ያንን ገጸ ባሕርይ የሚሸከም ሰው አለ። ሥጋና ደም፣ ድምፅና ዕድሜ፣ ደመወዝና ጡረታ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ የንዑስ ገጸ ባሕርይን ክብደት ለመመዘን የደጋፊ ተዋናይን ሕይወትና ሥራ ማጥናት ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የመረጥኩት በህንድኛ ፊልሞች ውስጥ ከ1966 እስከ 2012 የሠራውን አቭታር ኪሻን ሃንጋልን ነው። በዚህ ጽሑፍ የህንድን ጉዳይ የሚመለከቱ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የህንድ ሲኒማ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሩቅ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የህንድ ፊልም በአገራችን ከተሞች ለብዙ ዘመን ሲታይ ኖሯል፤ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች፣ ኋላም በየከተማው በተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች። ዛሬ የሸገር ከተማ አካል በሆነችው በሰበታ፣ እኔ ተማሪ በነበርኩባቸው በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮባቸው በአንድ ቴሌቪዥንና በአንድ የካሴት ማጫወቻ የሚሠሩ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ። ተመልካቹ ህንድኛ አይሰማም። ቢሆንም ታሪኩን ይከታተላል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መጠየቅ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነው፤ መልሱም፣ ወደ በኋላ እንደማሳየው፣ ከደጋፊ ተዋንያን ጋር የተያያዘ ነው።

2. ከልብስ ስፌት ወደ መድረክ

ሃንጋል የተወለደው ዛሬ በፓኪስታን ክልል በምትገኘው በሲያልኮት ከካሽሚር ብራህማን ቤተሰብ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው በፔሻዋር ነበር። በወጣትነቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ላይ በሚደረገው ትግል ገባ፤ ለመተዳደሪያው የልብስ ስፌት ሙያ ተማረ። በካራቺ ልብስ ሰፊ ሆኖ ሲሠራ በኮሚኒስት ፓርቲ ውስጥ ኃላፊነት ነበረው። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ በካራቺ ቀረ፤ ታሰረም። ከእስር ከወጣ በኋላ በ1949 ወደ ቦምቤይ ተሻገረ። በኪሱ የነበረው 20 ሩፒ ብቻ እንደነበር ይነገራል።

በቦምቤይ የተቀላቀለው በ1943 የተመሠረተውን የህንድ ሕዝብ ቴአትር ማኅበርን ነው። ይህ ማኅበር የግራ አመለካከት የነበራቸውን ጸሐፍት፣ ሙዚቀኞችና ተዋንያን ያሰባሰበ ሲሆን፣ ተውኔትን ወደ ሠራተኛው መንደርና ወደ ገበሬው ቀዬ ይዞ መውጣትን ዓላማው ያደረገ ነበር። ባልራጅ ሳህኒና ገጣሚው ካይፊ አዝሚ ከሃንጋል ጋር በዚሁ ማኅበር ሠርተዋል።

ወደ ፊልም የገባው በ1966 «ቲስሪ ካሳም» በተባለው የባሱ ባታቻርያ ሥራ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበር። ይህ ነጥብ ሊተኮርበት ይገባል። አብዛኛው የፊልም ተዋናይ ወጣትነቱን ለካሜራ ሰጥቶ እርጅናውን ይደብቃል፤ ሃንጋል ግን ለካሜራ ያቀረበው እርጅናውን ነው። ወጣትነቱ በእስር ቤት፣ በስፌት መኪናና በሕዝብ መድረክ ላይ አልቋል። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ዐሥርት ዓመታት ከ200 በላይ በሚሆኑ ፊልሞች ውስጥ አባት፣ አጎት፣ መምህር፣ አሽከር፣ የመንደር ሽማግሌ ሆኖ ታየ። የመሪ ተዋናይነትን ደረጃ ፈልጎ ያጣ ሰው አልነበረም፤ በገባበት ዕድሜ ያ በር ቀድሞ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ሥራው ንጹሕ የደጋፊ ተዋናይ ሥራ ነው፤ ለጥናታችን የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. «ሾሌይ»፦ ማን ሊናገረው ይችላል?

ራሜሽ ሲፒ ያዘጋጀውና ሳሊምና ጃቬድ የደረሱት «ሾሌይ» ነሐሴ 1975 ለሕዝብ ቀረበ። በቦምቤይ ሚነርቫ ሲኒማ ቤት ለአምስት ዓመታት ታይቷል። ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ታኩር የተባለው የቀድሞ የፖሊስ መኮንንና ባለ መሬት፣ ቤተሰቡን የፈጀበትን ጋባር ሲንግ የተባለ ሽፍታ ለመያዝ ጃይና ቪሩ የተባሉ ሁለት ወንጀለኞችን በገንዘብ ቀጥሮ ራምጋር ወደተባለች መንደሩ ያመጣል። ሃንጋል የሚጫወተው የመንደሩን ዓይነ ስውር ኢማም ነው። የመንደሩ ሰው ራሂም ቻቻ ብሎ ይጠራዋል። «ቻቻ» የአባት ወንድም ማለት ሲሆን፣ እኛ በዝምድና ለማይዛመደን ሽማግሌ «አባባ» እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ኢማሙ በዚህ ከሦስት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ፊልም ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። አሕመድ የሚባል ልጅ አለው። ልጁ ሥራ ሊይዝ ወደ ጃባልፑር ሲሄድ የጋባር ሰዎች እጅ ይወድቅና ይገደላል። ሬሳው በፈረስ ላይ ተጭኖ፣ ከማስፈራሪያ ደብዳቤ ጋር ወደ መንደሩ ይላካል። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ድምፁን ያጠፋል። በዚህ ጊዜ ኢማሙ በበትሩ እየዳሰሰ ይመጣና ይህ ሁሉ ዝምታ ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። የሚመልስለት የለም። ወደ ሬሳው ይመሩታል፤ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ቀጣሪውን ታኩርን ይወቅሳል፤ ሁለቱ እንግዶች ለሽፍታው ይሰጡልን ይላል። ኢማሙ በዚህ ላይ ይገሥጻቸዋል። አባት የልጁን ቃሬዛ ከመሸከም የከበደ ሸክም እንደሌለ ይነግራቸዋል፤ ለመንደሩ የሚሠዉ ተጨማሪ ልጆች ለምን እንዳልሰጠው ፈጣሪውን እንደሚጠይቅ ተናግሮ፣ የአዛን ጥሪ ሲሰማ ወደ መስጊዱ ይሄዳል።

ይህን ትዕይንት በትልሙ ውስጥ ካለው ቦታ አንጻር እንመልከተው። ታሪኩ እዚህ ላይ ሲደርስ ሊቆም ነው። የመንደሩ ሰው እንግዶቹን ቢያስረክብ ግጭቱ ያከትማል። ስለዚህ አንድ ሰው «አይሆንም» ማለት አለበት። ማን ይበል? ታኩር ቢናገር ስለ በቀሉ ነው ይባላል፤ ለራሱ ደም ሌላው እንዲሞትለት የሚጠይቅ ሰው ይሆናል። ጃይና ቪሩ ቢናገሩ ስለ ነፍሳቸውና ስለ ገንዘባቸው ነው። ሦስቱ ዐበይት ገጸ ባሕርያት ጉልበት አላቸው፤ መንደሩን መሥዋዕት ሁን ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ግን የላቸውም። ያ ሥልጣን የሚገኘው አስቀድሞ ከከፈለ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ስለሆነም ትልሙ ሊቀጥል የሚችለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚታይ ሽማግሌ አፍ ነው።

ከዚህ ሁለት የመመዘኛ ጥያቄዎች ማውጣት ይቻላል። አንደኛው፣ ይህ ገጸ ባሕርይ ቢወጣ የትኛው የታሪኩ ሰንሰለት ይበጠሳል? ሁለተኛውና ይበልጥ ጠቃሚው፣ እሱ የሚለውን ሌላ ገጸ ባሕርይ ቢለው ቃሉ ያው ሆኖ ይቀራል ወይ? በመጀመሪያው ጥያቄ የትልም አስፈላጊነቱን እንለካለን፤ በሁለተኛው የሞራል ክብደቱን። የመታያ ጊዜ ርዝመት ከሁለቱ አንዱንም አይለካም።

ተዋናዩስ ሸክሙን እንዴት ተሸከመው? ሃንጋል አይጮኽም። ድምፁ ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን በዝግታ ያወጣል፤ ዕንባ የሚያስለቅስ ንግግር ሲናገር ራሱ ለማልቀስ አይቸኩልም። ልጁን ሲዳስስ እጁ የሚሠራው ሥራ ከአንደበቱ ይቀድማል። በሕዝብ መድረክ ላይ የተማረው ቁጥብነት እዚህ ላይ ይታያል። ጎልቶ ለመውጣት የሚሻ ተዋናይ ይህን ትዕይንት የራሱ ባደረገው ነበር። ሃንጋል ግን መልሶ ለመንደሩ ይሰጠዋል፤ ከትዕይንቱ ወጥቶ ሲሄድ የምናየው የሱን ሐዘን ብቻ ሳይሆን አንገታቸውን የደፉትን ሰዎች ጭምር ነው።

4. ስለ ዓይነ ስውርነቱ

ሰበታ ለዓይነ ስውራን በተቋቋመው ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች። ከዚያ የተማሩ ብዙዎች በዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሆነዋል። ስለዚህ ይህን ትዕይንት በክፍል ውስጥ ሳነሣ የራሂም ቻቻ ዓይነ ስውርነት እንደ ተራ ዝርዝር አይታለፍም። አንድ ዓይነ ስውር ተማሪዬ ያቀረበው ተቃውሞ ብዙ አስቦኛል። በእሱ አስተያየት ፊልሙ ኢማሙን የመጨረሻው ዐዋቂ ያደረገው ያለ አግባብ ነው። ዓይነ ስውር ሰው የፈረሱን ኮቴ፣ የሰዉን ትንፋሽ፣ የሸሸውን እግር ከሌላው ቀድሞ ይሰማል። ዘግይቶ እንዲያውቅ የተደረገው የሚያየው ተመልካች እንዲያዝንለት ነው።

ተቃውሞው ጠንካራ ነው። በብዙ አገር ሥነ ጽሑፍ ዓይነ ስውርነት የአንድ ሰው አካላዊ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ ለሌሎች ትምህርት የሚሆን ምልክት ይደረጋል፤ ወይ የእዝነት ምክንያት ነው፣ ወይ የምሥጢራዊ ጥበብ መገለጫ። ከቋንቋችንም ብንነሣ በአራቱ ጉባኤያት የበቃውን ሊቅ «አራት ዓይና» እንላለን፤ ዕውቀትን በዓይን ቁጥር የመለካት ልማድ የእኛም ነው። «ሾሌይ» ከዚህ ልማድ አልወጣም። በተጨማሪም ኢማሙ በብዛት ሂንዱ በሆነ መንደር ውስጥ ያለ ሙስሊም ነው፤ ፊልሙ ሐዘንን ፈቅዶለት ቁጣን ነፍጎታል። መልካምነቱ የሚረጋገጠው ልጁን ለመንደሩ በመስጠቱ ነው። አናሳ ለሆነ ወገን ይህን ያህል ዋጋ የሚጠይቅ መልካምነት ሊመረመር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ትዕይንቱን በሌላ በኩልም ማንበብ ይቻላል። ኢማሙ የጠየቀው ስለ ዝምታው ነው። ዝምታን የሰማ እሱ ብቻ ነው፤ የሚያዩት ሰዎች ሬሳውን ከማየት አልፈው የራሳቸውን ዝምታ አላስተዋሉም። ዝምታው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው የፍርሃታቸው መጀመሪያ ነው። በዚህ ንባብ ኢማሙ ዘግይቶ ያወቀ ሳይሆን ሌሎቹ ያላወቁትን ያወቀ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ፊልሙን በጆሮው ብቻ የሚከታተል የሰበታ ተማሪ ከገጸ ባሕርዩ ጋር በአንድ ስፍራ ይቆማል፤ ሁለቱም የሚያውቁት ድምፅ መጥፋቱን ነው። ደራሲዎቹ ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። ትዕይንቱ ሁለቱንም ንባብ ይሸከማል፤ ሒሱም ሁለቱን ማሳየት ይኖርበታል እንጂ አንዱን ለማዳን ሌላውን መደበቅ የለበትም።

5. የአንድ መልክ ጥያቄ

በደጋፊ ተዋንያን ላይ ከሚቀርቡት ወቀሳዎች ዋነኛው አንድ መልክ ይደጋግማሉ የሚለው ነው። ሃንጋልም ከዚህ አላመለጠም። አዘጋጆች ደግ፣ ደሃና ተበዳይ ሽማግሌ ሲፈልጉ ወደ እሱ ይሄዱ ነበር። ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 ባሳተመው የልቦለድ ጥናቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሎ ሊነገር የሚችለውን ገጸ ባሕርይ «ጠፍጣፋ» ብሎታል። እኛ ይህን ቃል እንደ ስድብ ወስደን እናስተምራለን። ፎርስተር ግን ጠፍጣፋነት በራሱ ጉድለት ነው አላለም፤ የዲክንስን ገጸ ባሕርያት ጠቅሶ ኃይላቸውን መስክሯል።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ተመልካች የምመለሰው እዚህ ላይ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ታሪኩን የሚከታተለው መሪው ተዋናይ በሚናገረው አይደለም፤ ንግግሩን አይሰማምና። የሚከታተለው በዙሪያው ባሉት ሰዎች መልክ ነው። እናቲቱ፣ ሽማግሌው፣ ክፉው፣ አሳቂው፣ ሁሉም ከፊልም ወደ ፊልም የሚታወቁ ናቸው። ሃንጋል ሲገባ የቤቱ አባወራ ወይም የመንደሩ ሕሊና እንደገባ ይታወቃል፤ እሱ ሲያቀረቅር ነገሩ እንደከፋ ይታወቃል። የደጋፊ ተዋናይ ተደጋጋሚ መልክ ለዚህ ተመልካች የሰዋስው ያህል ነበር። ስለዚህ በተዋናዩ ላይ እገዳ የሆነው ያው ነገር ለሰበታው ተመልካች ድልድይ ሆኗል።

ይህ ሲባል ሃንጋል ከዚያ መልክ ውጭ ሊሠራ አይችልም ነበር ማለት አይደለም። በ1973 በሪሺኬሽ ሙከርጂ «ናማክ ሃራም» ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ሆኖ ቀርቧል። የባለ ፋብሪካው ልጅ ጓደኛ በሠራተኛ ስም ወደ ማኅበሩ ገብቶ የሠራተኛውን ድጋፍ ይነጥቀዋል፤ ሽማግሌው መሪ ግን ሲሸነፍ እንኳ አቋሙን አይለቅም። የሠራተኛ ትግልን ከውስጥ የሚያውቅ ተዋናይ እንደሚጫወተው በአቀማመጡና በንግግሩ ቁጥብነት ያስታውቃል። በአንጻሩ በ1982 በባሱ ቻተርጂ «ሾኪን» ከአሾክ ኩማርና ከኡትፓል ዳት ጋር ሆኖ ወጣት ሴት ለማማለል የሚሯሯጡ ሦስት ሽማግሌዎችን ተጫውቷል። የመንደር ሕሊና የነበረው ፊት እዚህ ላይ መሳቂያ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ግን ተመልካቹ የቀደመውን ፊት ስለሚያስታውስ ነው። ይህም ተደጋጋሚ መልክ በብልህ አዘጋጅ እጅ ለለውጥ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

6. ከሸራው በስተጀርባ

የደጋፊ ተዋናይ ስም ከታወቀ በኋላም ኑሮው በሌሎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ1993 ሃንጋል የተወለደበትን አገር ሄዶ ለማየት አስቦ፣ በቦምቤይ የፓኪስታን ቆንስላ ባዘጋጀው የብሔራዊ በዓል ግብዣ ላይ ተገኘ። በዚህ ምክንያት የሺቭ ሴና ፓርቲ ከሃዲ ብሎ ፊልሞቹ እንዲታገዱ ጠራ። ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ አጣ። በ«ሾሌይ» ውስጥ ለአንድነት ልጁን የሰጠው ሙስሊም ሆኖ የተወደደው ሂንዱ ተዋናይ፣ ድንበር ተሻግሮ የልጅነት ቀዬውን ለማየት በመመኘቱ ከሃዲ ተባለ። መሪ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ በእሱ ስም ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች በተከላከሉለት ነበር። ደጋፊ ተዋናይን ግን በሌላ መተካት ይቻላል ተብሎ ይታመናል።

ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በ2001 «ላጋን» ውስጥ ታየ። በ2006 የህንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጠው። ሆኖም በ2011 የመድኃኒቱንና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን እንዳቃተው በጋዜጦች ተነገረና ከፊልም ሰዎች ዕርዳታ ተሰበሰበለት። በ2012 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሠራ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 26 ቀን በሙምባይ ዐረፈ። ሽልማትና ችግር በአንድ ሰው ቤት እንዲህ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ስለ ደጋፊ ተዋናይ ቦታ ብዙ ይናገራል። ክብሩ በቃል ነው፤ ክፍያው በደቂቃ ነው።

የእኛም አገር መድረክ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ደበበ እሸቱ በአማርኛ ቴአትር የመሪነት ቦታ የነበረው ሲሆን በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካኖቹ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም የተሰጠው ግን የደጋፊ ተዋናይ ቦታ ነበር። ከ2005 እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላም በፖለቲካ ተሳትፎው ታስሯል። የሁለቱ ሰዎች ጉዳይ አንድ አይደለም፤ ሃንጋል ከእስር ወደ መድረክ ሲመጣ ደበበ ከመድረክ ወደ እስር ሄዷል። ነገር ግን የሁለቱም ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳል። ዐቢይና ንዑስ የሚባለው ክፍፍል ከተዋናዩ ችሎታ ሳይሆን ታሪኩን ከሚያዘው ወገን የሚመነጭ ነው። በአገሩ መሪ የሆነው በሌላው ታሪክ ደጋፊ ይሆናል።

7. ለአማርኛ ሒስ

ከላይ ያወጣኋቸውን ሁለት ጥያቄዎች ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰዳቸው። የልቦለዱ የፍቅር ታሪክ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ነው፤ ጉዱ ካሣ በዚያ አንጻር ንዑስ ነው። እሱ ስለ መሳፍንቱ ሥርዓት የሚናገረውን በዛብህ ቢናገረው ምን ይሆናል? የደሃ ልጅ ምሬት ይሆናል። ጉዱ ካሣ ግን ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ቃሉ ከውስጥ የመጣ ምስክርነት ነው። ዋጋውንም አስቀድሞ ከፍሏል፤ ስሙን ተነጥቆ «ጉዱ» ተብሏል። እንደ ራሂም ቻቻ ሁሉ ቃሉ በሌላ አፍ ሊነገር አይችልም። «ታሪኩን ለማዳመቅ የገባ» የሚለው ፍርድ ይህን ሊያይ አይችልም።

ልቦለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ወጋየሁ ንጋቱ ይህን የተረዳ ይመስለኛል። በአንድ ድምፅ ሁሉንም ገጸ ባሕርያት ሲያሰማ ንዑሳኑን አላሯሯጣቸውም፤ ለእያንዳንዳቸው ትንፋሽና የአነጋገር ልክ ሰጥቷቸዋል። መጽሐፉን በዓይኑ ላላነበበ ሁሉ፣ በሰበታ ላሉት ዓይነ ስውራን ተማሪዎችም ጭምር፣ እነዚህ ሰዎች የታወቁት በዚያ ድምፅ ነው። አንድ ተዋናይ ለንዑሳኑ የሰጠውን ያህል ትኩረት የሒስ ትምህርታችን ሊነፍጋቸው አይገባም።

ስለዚህ ለክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪው ስለ ንዑስ ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ስንት ገጽ ላይ እንደታየ ከመቁጠር በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ይመልስ፤ ቢወጣ ምን ይበጠሳል፣ ቃሉንስ ሌላ ሊናገረው ይችላል ወይ? ከዚያም ሦስተኛውን ይጨምር፤ ይህን ሸክም የተሸከመው ገጸ ባሕርይ በምላሹ ከታሪኩ ምን ተሰጠው? ራሂም ቻቻ ከልጁ ቀብር በኋላ ከታሪኩ ደብዝዞ ይወጣል፤ ድሉ ሲመጣ የሚጠይቀው የለም። ተዋናዩም የሕክምና ገንዘቡን በልመና አገኘ። ሒስ ይህን ጉድለት ሊሞላው አይችልም፤ ቆጥሮ መመዝገብ ግን ሥራው ነው።